ላይፕሲግ፣ ደረጃው ስር

ከድሬ የወጣን ማታ ሙቀቱ ለጠላትም አይስጥ ነበር። እኔና ታላቅ ወንድሜ ኤፍሬም፣ ከዚራ ሰፈር፣ ቤታችን በራፍ ላይ ቁጭ ብለን ሚኒባሱን እንጠብቃለን። እማ ፈጢራ በጋዜጣ እየጠቀለለች ኪሳችን ውስጥ ትወትፋለች፤ ዘይቱ ሱሪዬን አልፎ ጭኔ ደርሷል። አስራ ስምንት ዓመት እንኳን አልሞላኝም፣ ግን ያን ማታ ብታዩኝ አውሮፓ ስራ ፈትታ እኔን የምትጠብቅ ነው የሚመስላችሁ። ለሰፈር ልጅ ሁሉ ምን እንደምልክለት ተናግሬ ጨርሻለሁ፤ ለአንዱ ሞተር ሳይክል፣ ለአንዱ የኳስ ጫማ፣ ለአንዷ ልጅ ደግሞ ራሴን። ኤፊ ዝም። እሱ ሁሌም ዝም ነው። ቀድሞኝ ሲወለድ ወሬውን በሙሉ ለኔ ትቶልኝ የወጣ ነው የሚመስለኝ።

ሚኒባሱ ጥሩምባውን ሲነፋ እማ አላለቀሰችም። አንዳችንን በአንድ እጇ፣ አንዳችንን በሌላው ጨብጣ፣ ልጆች ሆነን የምትለንን ነገር ደገመችልን።

«ከተጠፋፋችሁ በሩ ጋ ሂዱና ቁሙ። ንቅንቅ እንዳትሉ። ሰማችሁ?»

«አቦ እማ፣ የምን በር? አውሮፓ እኮ ነው የምንሄደው!» አልኳት።

«አውሮፓም በር አያጣም» አለች።

ይቺ ነገር ከየት እንደመጣች ላስረዳችሁ፣ ያለሷ ታሪኩ አይገባችሁም። ድሮ፣ የጅቡቲው ባቡር እያጣጣረም ቢሆን በሚመላለስበት ጊዜ፣ እማ ለገሃር ብርቱካንና ማንጎ ትሸጥ ነበር። ባቡሩ ሲገባ ድሬ በሙሉ ጣቢያው ላይ ይፈሳል፤ ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ ፈታሹ፣ ፍየሉ ሳይቀር። እኛ ትናንሽ ነን፣ በሰው እግር መሃል እንጠፋለን። ሶ ሕግ አወጣች። የጠፋ ልጅ ሄዶ የጣቢያው በር ላይ ይቆማል። እናቱን አይፈልግም፣ የምትፈልግ እሷ ናት። አንድ ቀን ኤፊ ሕጉን ጥሶ ሊፈልጋት ሄደ፤ እሷ እሱን ስትፈልግ፣ እሱ እሷን ሲፈልግ፣ ሲዞሩ ዋሉ። ሲገኝ የተገረፈውን ግርፊያ እኔ ነኝ እስከዛሬ የማስታውሰው። ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም በር ላይ ከቆምን ሐውልት ነን። የኛ ለገሃር ደግሞ ሰው የሚወጣበት በሩ አንድ ነው። በሩ አንድ ከሆነ የሚጠፋ ሰው የለም።

መንገዱን አላንዛዛውም። የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ያልሄዳችሁበት እግዜር አያሳያችሁ። መተማ፣ ከዚያ ካርቱም። ካርቱም ላይ ወባ ጣለኝ። ደላላው «የታመመ አልጭንም» አለ። ኤፊ «ያለሱ አልሄድም» አለ። እኔ ደግሞ መሬት ላይ ተጋድሜ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ፣ ጉራዬን አልተውኩም። «አንተ ሂድና ጀርመን ላይ መኝታ አንጥፍልኝ፣ ወዲያው እደርስብሃለሁ፣ እንዲያውም እቀድምሃለሁ!» አልኩት። ሳቀ። ሄደ።

ሊቢያ ላይ ምን እንዳሳለፈ ነግሮኝ አያውቅም፣ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኩትም። ባሕሩን ተሻገረ፣ ጣሊያን ገባ፣ ከዚያ ጀርመን። እኔ ካርቱም መኪና እያጠብኩ ቆየሁ። ስደተኛ ተብዬ ተመዘገብኩ፣ ተጠየቅኩ፣ ደግሞ ተጠየቅኩ፣ ከዚያ እንደገና ተጠየቅኩ፣ አንድ ቀን «አሜሪካ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩባቸው።

ሎስ አንጀለስ ስገባ ፀሐዩን አይቼ «ይሄማ ድሬ ነው!» ብዬ ነበር። አይደለም ባካችሁ። ድሬ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ሰው ቤቱ ይገባል፣ ይጋደማል፣ ይጫወታል፣ እስኪበርድ ድረስ ማንም ማንንም የት ነህ አይልም። እዚህ ፀሐዩም አያርፍ፣ ሰውም አያርፍ። ማንጎው ደግሞ እንደ ኳስ ያምራል፣ ስትበሉትም እንደ ኳስ ነው። የመጀመሪያ ቤቴ ኢንግልዉድ ነው፣ ኤርፖርቱ አጠገብ። አውሮፕላኑ ሲያልፍ ማንኪያው ሰሃኑ ላይ ይጨፍራል። አከራዬ ያገራችን ሰው ነው፤ የጋራዡን ግማሽ በኮምፔርሳቶ ከፍሎ አከራየኝ።

«መስኮቱ አይከፈትም እኮ» አልኩት።

«ታዲያ ሌባ አይገባበትም።»

«አየርስ?»

«አየር ፈልገህ ነው አሜሪካ የመጣኸው?»

ኪራዩን ቆጥሬ ሰጠሁት። እኔ! ድሬን በሙሉ መልስ የማሳጣት ሰውዬ!

ሥራዬ ፓርኪንግ ነው፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ከሀበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ። ሰው ቁልፉን ይሰጠኛል፣ ፓርክ አደርግለታለሁ። ለእማ ስደውል «ዛሬ ደግሞ መርሴዲስ ነዳሁ» እላታለሁ። ውሸት አይደለም። በዚህ ከተማ ያልነዳሁት የመኪና ዓይነት የለም፣ አንዱንም ግን ከአጥሩ አሳልፌ አላውቅም። እማ ይሄን ለጎረቤት ታወራለች፣ ጎረቤት ለኤፊ ይደውላል፣ ኤፊ ለኔ ይደውልና «መርሴዲስ ገዛህ አሉ» ይለኛል። «ሦስት ነው፣ አንዱን ላንተ አስቀምጬዋለሁ» እለዋለሁ። ከዚያ በአፍንጫው ይስቃል።

እሱ ዛክሰን በምትባል የጀርመን ግዛት፣ ቼክ ድንበር አጠገብ፣ አንዲት የተራራ መንደር ውስጥ ነበር። ሃይም ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ሃይም ማለት የስደተኛ ማደሪያ ነው። ጥገኝነቱን ከልክለውት ዱልዱንግ የምትባል ወረቀት ሰጥተውታል። ትርጉሙ «አንፈልግህም፣ ግን ለጊዜው ቁም» ነው አለኝ። ከዛክሰን ውጪ እንዳይንቀሳቀስም ተጽፎበታል። ዳቦው ጥቁር ነው፣ ኮምጣጣ ነው፣ ጠዋት የቆረጥከውን ማታ ድረስ ታኝከዋለህ ይላል። ሰው ሰላም ስትለው ሰዓቱን ያያል። በረዶው የአልጋው ራስጌ ድረስ የገባ ይመስል ቪዲዮ ላይ ሁሌም ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው የማየው። የድሬ ልጅ እኮ ነው! ድሬ ላይ እኛ ብርድ ልብስ የምናውቀው ሱቅ ውስጥ ነው።

እኔ ዜግነት ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። ሰማያዊዋን ፓስፖርት የያዝኩ ቀን መጀመሪያ ያሰብኩት ኤፊን ነው። አለቃዬ ጋ ሄድኩ።

«አንድ ሳምንት ስጠኝ፣ ወንድሜን አይቼ ልምጣ።»

«መኪናዎቹን ማን ፓርክ ያደርጋል? ወንድምህ?»

ቅዳሜና እሁድን፣ ሰኞን ጨምሮ ሰጠኝ። ቸርነቱ! ኤፊ ጋ ደወልኩ።

«መንደሩ ድረስ አትምጣ» አለኝ።

«ለምን?»

«እንግዳ አያስገቡም።» ቆይቶ ደግሞ «ክፍሉን እንድታየው አልፈልግም» አለ።

ሶ እሱ ከግዛቱ ሳይወጣ መድረስ የሚችልባትን ትልቅ ከተማ መረጥን፣ ላይፕሲግን። እሱም ረግጧት አያውቅም፣ እኔም። ጣቢያዋ ግን በጣም ትልቅ ነው፣ ዓይነ ስውርም አይስተውም ብለውታል።

«የቱ ጋ እንገናኝ?» አልኩት።

«ለገሃሩ በር ላይ ነዋ። ትልቅ ደረጃ አለው አሉ። ደረጃው ስር።»

«ከተጠፋፋንስ?»

«ንቅንቅ የለም» አለ፣ በእማ ድምፅ። እንደዚያ ቀን ስንስቅ ትዝ አይለኝም።

ለሱ ብዬ ወፍራም ጃኬት ገዛሁ። ሎስ አንጀለስ ላይ በዚያ ፀሐይ እንደዚያ ያለ ጃኬት የሚለካ እብድ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሻጯ ራሷ ወዴት ልትሄድ ነው ብላ ጠይቃኛለች። ፍራንክፈርት ስደርስ የፓስፖርት ሰውዬው ቆፍጣና ነው። በፌርፋክስ እንግሊዝኛዬ ገጠምኩት።

«ለምን መጣህ?»

«ወንድሜን ለማየት።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«ተራራ ላይ።»

«አንተስ የት ነው የምታርፈው?»

«ጣቢያ።»

«ሆቴል ነው?»

«ኖ፣ ባቡር ጣቢያ።»

ፎቶዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ጃኬቱን አየ። «ለስንት ቀን?»

«ለአንድ።»

«ከሎስ አንጀለስ ድረስ ለአንድ ቀን?»

«አንተ ወንድም አለህ?» አልኩት። ማህተሙን መታልኝ።

እሁድ በጠዋት ባቡር ይዤ ላይፕሲግ ገባሁ። ወገኖቼ፣ ያ ጣቢያ! የኛን ለገሃር ከነአደባባዩ ከነዛፎቹ ብታስገቡት ጥግ ላይ ሸርተት ብሎ ይቀመጣል። ባቡሮቹ አያልፉም፤ ሁሉም እዚያ ገብተው አፍንጫቸውን ደቅነው ይቆማሉ፣ ልክ ፓርኪንጋችን ላይ እንደማሰልፋቸው መኪናዎች። ከባቡሩ ወርጄ ሰው የሄደበት ተከትዬ ሄድኩ። ደረጃ አገኘሁ፣ ሰፊ፣ የድንጋይ። ጣሪያው እንደ ቤተክርስቲያን ከፍ ያለ ነው። ከደረጃው ስር በር፣ ከበሩ ውጪ ትራም። «ይኸው!» አልኩና ቆምኩ።

ስልኬ በመንገድ ሞታለች። ቻርጀሬ የአሜሪካ ነው፣ ጥርሱ ጠፍጣፋ፤ የጀርመን ሶኬት ደግሞ ክብ ቀዳዳ ነው። የኤፊ ቁጥር ያለው እዚያች ስልክ ውስጥ ብቻ፣ በቃሌማ የእማን እንኳን አላውቀውም። እዚያው አጠገቤ ዳቦ የምትሸጥ ሴትዮ ሶኬቷን ለመንኳት፤ ሞከረችልኝ፣ አልገባ አለ። «ሱቆቹ ጋ የሶኬት መቀየሪያ ይሸጣል፣ ሂድና ግዛ፣ ቅርብ ነው» አለችኝ በእጇ እያሳየች። ሂድና? ሄጄ ኤፊ በዚያች ደቂቃ ቢመጣስ? ሐውልት አይሄድም።

ቆምኩ። ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይወጣል። አሮጊት ሴት የልጅ ልጇን አቅፋ ታለቅሳለች። ጥቁር ሰው ከላይ ብቅ ባለ ቁጥር ጃኬቱን ወደ ላይ አነሳለሁ፤ አንዱ ሻጭ መስዬው «ዋጋው ስንት ነው» አለኝ። ሽንቴ መጣ፣ ያዝኩት። ረሃብ መጣ፣ ዳቦ ሻጯ ያንን ኮምጣጣ ዳቦ ሰጠችኝ፣ ኤፊ እውነቱን ነው። መብራት በራ። የመመለሻ ባቡሬ ሰዓት ደረሰ። ሰኞ አውሮፕላን አለብኝ፣ ማክሰኞ ሥራ። ደረጃውን ስወጣ በየመሃሉ ወደ ኋላ እያየሁ ነው የወጣሁት። ባቡሩ ውስጥ ጃኬቱን ፊቴ ላይ አድርጌ ተኛሁ፤ ማለት፣ የተኛሁ ለመምሰል።

ፍራንክፈርት ኤርፖርት የኬብሏን ጫፍ ብቻ የሚቀበል ቦታ አገኘሁና ስልኬ ነፍስ ዘራች። ከዚያ መልእክቱ ተግተለተለ። የኤፊ ድምፅ ነው። «ጆኒ፣ ደርሻለሁ፣ ደረጃው ስር ነኝ።» «ጆኒ፣ ስልክህን አንሳ እንጂ።» «ጆኒ፣ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ንቅንቅ አላልኩም።» የመጨረሻው ላይ ንግግር የለም። የጣቢያ ጫጫታና የሱ ትንፋሽ ብቻ።

ደሜ ፈላ። ደወልኩ።

«ለምን ትዋሸኛለህ?» አልኩት።

«ማን? እኔ?»

«ከጠዋት እስከ ማታ ደረጃው ስር የቆምኩት እኔ ነኝ!»

«እኔ ነኝ የቆምኩት።»

«እሺ ደረጃው ምን ይመስላል?»

«ሰፊ ነው። የድንጋይ።»

«ጣሪያው?»

«ቤተክርስቲያን የገባሁ መስሎኝ ነበር።»

«ውጪ ምን አለ?»

«ትራም።»

«ታዲያ እኔ አየር ነኝ? እንዴት አላየኸኝም?»

«ጆኒ» አለኝ፣ «ዕድሜህን ሙሉ ስታወራ ዝም ብዬ ሰምቼሃለሁ። መርሴዲሱን ሰምቼሃለሁ። በዚህ ግን አትጫወትብኝ። ፍራንክፈርት ከማን ጋር ስትጠጣ ዋልክ?»

«አንተ ነህ ያፈርከው! ከመንደርህ አልወጣህም! ቦታውን ከኢንተርኔት አይተህ ነው የምትነግረኝ!»

ስልኩን ዘጋው። መልሼ ደወልኩ፣ ብሎክ አድርጎኛል። እኔም አናቴ ዞሮ ብሎክ አደረግኩት፣ የዘጋ በር ላይ ቁልፍ እንደመጨመር። እዩት እንግዲህ። ውሸት ሳወራ ድሬ በሙሉ ያምነኛል፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር የገዛ ወንድሜ አላመነኝም።

እማ ሁለታችንንም በየተራ ሰማች። «አንዳችሁ ትዋሻላችሁ» አለችኝ። «የቱ እንደሆነ ግን አልጠይቅም። ባውቅ ምን አደርገዋለሁ?»

ከዚያ ዝምታ ሆነ። ሁለት ፋሲካ አለፈ። ኤፊ ሃይሙን ለቆ ጠፋ አሉ፣ ወደ አገሩ ሊመልሱት ሲሉ። ለእማ ብቻ፣ በየጊዜው ከማይታወቅ ቁጥር ይደውላል። ፈረንሳይ ነኝ አላት። ሌላ ጊዜ ደግሞ በውሃ ወደ እንግሊዝ ልሻገር ነው አላት። እኔ ብሎኩን ከፍቼለታለሁ፣ ግን ያ ቁጥሩ አይሠራም። ኩራቴ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ አልሞተም፤ ቢደውል «መጀመሪያ እውነቱን አውጣ» ልለው ተዘጋጅቼ ነበር።

አሁን ጋሼ ኃይሉን ላስተዋውቃችሁ። ደንበኛዬ ነው፣ ጡረታ የወጣ፣ አሮጌ መኪናውን ለኔ ካልሆነ ለማንም የማይሰጥ። የድሬ ልጅ አንቱ አያውቅም፣ ሶ አንተ እለዋለሁ፣ ሁሌ ይቆጣል።

«አንቱታን ኤርፖርት ላይ ቀሙህ እንዴ?» ይለኛል።

«ጋሼ፣ ድሬ ላይ ፀሐዩንም አንተ ነው የምንለው።»

ባለፈው ቅዳሜ ምሳውን በልቶ መጣና፣ እዚህ ከፍ ብሎ ዊልሸር ላይ ሲቆፈር ስለኖረው የምድር ባቡር ጣቢያ ጀመረ። «እነዚህ ሰዎች ስንት ዘመን ነው የሚቆፍሩት! ላይፕሲግ ብትሆን እኮ...»

«ያቺን ከተማ አትጥራብኝ» አልኩት።

«ላይፕሲግን? ምን አደረገችህ? በደርግ ጊዜ የተላክሁት እዚያ ነው፣ ወጣትነቴ እዚያ ነው ያለቀው።» አላስጨረሰኝም፣ ዓይኑ ራቀ። «መጀመሪያ እኮ ትልቅ ጣቢያ አልነበራትም። ባቡር ሲጀመር እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ጣቢያ ሠራ። የድሬስደኑ አንድ፣ የማግደቡርጉ ከጎኑ አንድ፣ የቱሪንጊያው አንድ፣ የበርሊኑ ሌላ፣ የባቫሪያው ደግሞ ከከተማው ማዶ ለብቻው። ሰው ከአንዱ ወርዶ ሌላውን ለመያዝ ሻንጣውን በጋሪ አስጭኖ ከተማውን ያቋርጥ ነበር።»

«እንደኛ አውቶቡስ ተራ በለኛ።»

«ስማኝ። በኋላ ሰለቻቸውና ያንን ትልቁን ሠሩ፤ ሥራው ሳያልቅ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ደረሰባቸው። በሁለተኛው ጦርነት ቦምብ ጣሪያውን አወረደው። እንደገና ሠሩት። በኛ ጊዜ ግድግዳው በከሰል ጭስ ጥቁር ነበር፤ ውስጡ ትንሽ ሲኒማ ቤት ነበረችው፣ ባቡር እስኪደርስ ብርድ ሲመታን እዚያ ነበር የምንገባው። ሁለቱ ጀርመኖች አንድ ሲሆኑ ደግሞ ወለሉን ቆፍረው ሱቅ በሱቅ አደረጉት። ከዚያ ከከተማው ስር ዋሻ አወጡና ከባቫሪያው ጣቢያ ጋር አገናኙት። የባቫሪያው አራት ቅስት ያለው የጥንት በር አለው። ዋሻው ሲቆፈር ምን አደረጉት መሰለህ? ሳያፈርሱ፣ እንዳለ ገፍተው ወደ ጎን አስቀመጡት፤ ሲጨርሱ ቦታው መለሱት።»

«በሩን? ሙሉውን?»

«ሙሉውን። ልጄን ሳሳያት ወስጄ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንተ ግን ምን ሆነህ ነው የጠላሃት?»

ነገርኩት። ለማንም በዚህ አኳኋን ነግሬ አላውቅም፤ ሌላ ጊዜ ቀልድ እጨምርበታለሁ። ደረጃውን ነገርኩት፣ ጃኬቱን፣ ስልኩን፣ ኤፊ ጣሪያውን ሳይቀር ደርድሮ እንደዋሸኝ። ጋሼ ኃይሉ መነጽሩን አወለቀ።

«በየትኛው በር ነው የቆምከው?»

«የምን የትኛው? በሩ ላይ ነዋ።»

«በምዕራቡ ነው በምስራቁ?»

አጠገባችን የቆመው ጥቁር መኪና ኮፈኑ አቧራ የጠጣ ነበር። ጋሼ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ረጅም መስመር አሰመረበት፤ ከመስመሩ ሁለት ጫፍ አካባቢ ሁለት ሳጥን ሳለ፣ እኩል እኩል።

«ጣቢያው ሲሠራ ሐዲዱ የሁለት መንግሥት ነበር» አለኝ፣ አሁን ቀስ ብሎ። «ከተማዋ የሳክሶኒ ንጉሥ ናት፣ አንተ ዛክሰን የምትለው። ግማሹ መስመር ግን የፕሩሺያ። አንዱ ካንዱ ማነስ አልፈለገም። ስለዚህ ሁሉንም ነገር መንታ አድርገው ሠሩት። ሁለት አዳራሽ፣ ሁለት መጠበቂያ ክፍል፣ ሁለት ደረጃ፣ ሁለት በር። ደረጃው አንድ ዓይነት፣ ጣሪያው አንድ ዓይነት። በመሃላቸው የዚህን መንገድ ርዝመት ያህል ርቀት አለ። አንተ ከፍራንክፈርት መጣህ፣ በዚህ በኩል ወረድክ፤ የፕሩሺያ በር ነው። ወንድምህ ከተራራው መጣ፣ ባቡሩ በዚያኛው ጎን ነው የሚገባው፤ በሳክሶኒ በር ወረደ።»

ጣቱን ከኮፈኑ ላይ አነሳ። «አንተ አልዋሸህም ልጄ። እሱም አልዋሸም።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ከዛክሰን እንዳይወጣ ተጽፎበት የለ? አልወጣማ! በዛክሰን በር ላይ ቆሞ ነው የዋለው፣ ሕግ አክባሪው ወንድሜ። ከዚያ ሳቁ የት እንደሄደ አላውቅም። እንደ በር ያለ ነገር፣ ድንጋዩ በሙሉ ተነስቶ ተንቀሳቅሷል አለኝ እኮ ጋሼ። እኔና ኤፊ ግን አልተንቀሳቀስንም። አንዳችን ለሽንት እንኳን ብንሄድ እንገናኝ ነበር። አንዳችን ባለጌ ብንሆን እንገናኝ ነበር።

ጋሼ ኃይሉ ትከሻዬን ያዘ። የጥቁሩ መኪና ባለቤት መጣ።

«ይሄን ማነው የሳለብኝ?»

«ጣቢያ ነው» አልኩት።

«የምን ጣቢያ?» አላስረዳሁትም፣ ቁልፉን ሰጠሁት። ሁለቱን በሮች ኮፈኑ ላይ እንደያዘ ፌርፋክስ ላይ ወጥቶ ሄደ።

ይህን የማወራችሁ ለዚህ ነው። ይሄ የምድር ባቡር ጣቢያችን ስንት በር እንዳለው ሄጄ አይቻለሁ፤ የሚያስተናግደውን ሰውዬ ጠይቄዋለሁ፣ «አንድ» ሲለኝ ደግሜ ጠይቄዋለሁ። ማንንም ከመቅጠራችሁ በፊት ጠይቁ። እናንተ ደግሞ ፈረንሳይም ሁኑ፣ የባሕሩ ዳር ድንኳኖች ውስጥም ሁኑ፣ እንግሊዝም ሁኑ፣ ኤፍሬም የሚባል የድሬ ልጅ ካያችሁ፣ ረጅም ነው፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፣ ካልጠየቃችሁት አይናገርም፣ «በሩ ሁለት ነው» በሉት። ሌላ ምንም አትጨምሩ። ይገባዋል። ጃኬቱ እኔ ጋ ነው፣ አልለበስኩትም፣ እዚህ የት ይለበሳል።

ለሱ በድሮ ቁጥሩ ድምፅ ላክሁለት፤ አንድ ምልክት ብቻ አሳየኝ፣ አልደረሰም። ከዚያ እማ ጋ ደወልኩ። ድሬ ነግቷል፣ ውጪ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማል።

«እማ፣ ኤፊ ደውሏል?»

«ከፋሲካ ወዲህ የለም። ልሻገር ነው ካለኝ ወዲህ።» ቀጥላ «ዛሬስ ምን ነዳህ?» አለችኝ፣ ልታስቀኝ።

«ምንም አልነዳሁም። እማ፣ ያ ጣቢያ ሁለት በር ነው ያለው። አንድ ዓይነት ሁለት በር። እኔ አንዱ ጋ ነበርኩ፣ እሱ አንዱ ጋ።»

ባጃጁ አለፈ፣ ሌላ ባጃጅ መጣ።

«ሁለታችሁም ቆማችሁ ዋላችሁ?» አለች።

«ዋልን።»

«አልተንቀሳቀሳችሁም?»

«አልተንቀሳቀስንም እማ።»

«የኔ ጨዋዎች» አለች። «ያኔ እኮ የምፈልጋችሁ እኔ ስላለሁ ነበር ቁሙ ያልኳችሁ።»

ወሬ የማያልቅብኝ ሰውዬ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ዝም አልኩ።

«ጆኒ።»

«አቤት እማ።»

«በቃ እንግዲህ አትቁም። ተነስና ፈልገው።»

«ወዴት ልሂድ እማ?»

ስልኩ አልተዘጋም። ትንፋሿ ይሰማኛል። እየጠበቅኳት ነው።